የአጋዘን ጠመንጃ ቁጥሮች ምን ይላሉ?
አሜሪካ ውስጥ ለአጋዘን አደን የሚውሉት 30-30፣ 308 እና 30-06 የተባሉ ጥይቶች አረራቸው (ከአፈሙዝ የሚወጣው ክፍል) እኩል ውፍረት አለው፤ 0.308 ኢንች። የሚለያዩት በቀለሃቸውና በሚይዘው ባሩድ ነው። የ30-06 ሁለተኛ ቁጥር ዓመት ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1906፤ የ30-30 ደግሞ መጀመሪያ ይሞላበት የነበረው ባሩድ ክብደት በግሬን (1 ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ነው)። ወጥ የአሰያየም ሕግ አትፈልጉ!

ጥቅጥቅ ባለ ጫካ፣ ከ150 ሜትር በታች፣ 30-30 ይበቃል። ጫካና ሜዳ ለተቀላቀለበት አገር 308 ከባለ 150 ግሬን አረር ጋር ይሻላል፤ ትከሻን የሚመታው ከ30-06 ባነሰ ኃይል ነው።

አረሩ እኩል ነው ብሎ የ308ን ጥይት በ30-06 ጠመንጃ መተኮስ ግን አደገኛ ነው። ቀለሁ በ12 ሚሊሜትር ስለሚያጥር ሊሰነጠቅና ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊለቅ ይችላል። ከማጉረስ በፊት በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ከቀለሁ ቂጥ ጽሑፍ ጋር አመሳክሩ።