ዚነዲን ዚዳን፦ የፈረንሳዩ ጨዋታ አቀጣጣይ የእግር ኳስ ሕይወት

ዚነዲን ዚዳን በካን፣ በቦርዶ፣ በጁቬንቱስ፣ በሪያል ማድሪድና በፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን በአጥቂ አማካይነት የተጫወተ፣ በእግር ኳስ ታሪክ ከታዩት ጨዋታ አቀጣጣዮች (የቡድኑን ጥቃት ከመሃል ሜዳ የሚመሩ ተጫዋቾች) በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ተጫዋች ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለሀገሩ በተሰለፈባቸው 108 ጨዋታዎች ያስቆጠራቸው ግቦች 31 ናቸው። ቁጥሩን ብቻ የተመለከተ ሰው ይህ ሁሉ ዝና ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ መልሱ ግቦቹ በተቆጠሩባቸው ቀናትና፣ ከዚያም ይበልጥ፣ ዚዳን ኳስ በሚቀበልበት መንገድ ላይ ነው።

የተወለደው ጁን 23 ቀን 1972 በማርሴይ ሲሆን፣ ያደገው በከተማዋ ሰሜናዊ ዳርቻ በሚገኘው ላ ካስቴላን በተባለ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሰፈር ነው። ወላጆቹ ስማይልና ማሊካ ከአልጄሪያ ካቢሊያ የመጡ ናቸው። አባቱ በ1953 ፈረንሳይ ሲገቡ በመጀመሪያ ሥራ ያገኙት ከፓሪስ አጠገብ በምትገኘው ሳን ደኒ፣ በግንባታ ሠራተኝነት ነበር፤ ከ45 ዓመት በኋላ ልጃቸው የዓለም ዋንጫን ያነሳበት ስታድየም የተሠራውም በዚያችው ሳን ደኒ ነው። ዚዳን ኳስ የለመደው በሕንፃዎቹ መካከል ባለ ጠባብ የሲሚንቶ አደባባይ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ኳስን ከእግር ሥር ማራቅ ማለት ማጣት ማለት ነው፤ በኋላ ዓለም ያደነቀለት ያ ለስላሳ የመጀመሪያ ንክኪ ከዚያ የመነጨ ነው ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም።

በታዳጊነቱ ያየው የካን ክለብ ተጫዋች መልማይ ዣን ቫሮ ወደ ክለቡ ወሰደው፤ በሜይ 1989 ገና በ16 ዓመቱ ከናንት ጋር በተደረገ ጨዋታ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ካን በ1992 ከአንደኛ ዲቪዚዮን ሲወርድ ወደ ቦርዶ አቀና። ቦርዶ በ1996 በአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 የረታውን ኤሲ ሚላንን በሜዳው 3 ለ 0 አሸንፎ እስከ ፍጻሜ ሲደርስ የቡድኑ ሞተር ዚዳን ነበር። ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈበት የመጀመሪያ ቀንም አይረሳም። ኦገስት 17 ቀን 1994 ፈረንሳይ በቼክ ሪፐብሊክ 2 ለ 0 እየተመራች ሳለ ተቀይሮ ገባ፤ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ በተከታታይ ሁለት ግብ አስቆጥሮ ቡድኑን አቻ አወጣ።

በ1996 የፈረመለት የጣሊያኑ ጁቬንቱስ፣ በማርቼሎ ሊፒ አሠልጣኝነት፣ በ1997 እና በ1998 የሴሪ ኤ (የጣሊያን አንደኛ ሊግ) ሻምፒዮን ሆነ። በእነዚያው ሁለት ዓመታት ግን በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ መጀመሪያ በዶርትሙንድ፣ ቀጥሎም በሪያል ማድሪድ ተሸነፈ።

የ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ለዚዳን በመልካም አልጀመረም። ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ መሬት ላይ የወደቀ ተጋጣሚውን በመርገጡ በቀይ ካርድ ተሰናበተና ሁለት ጨዋታ ተቀጣ። ጁላይ 12 በተደረገው ፍጻሜ ግን በብራዚል ላይ፣ ሁለቱንም ከማዕዘን ምት የተሻገሩ ኳሶችን በግንባሩ ገጭቶ ሁለት ግብ አስቆጠረ፤ ፈረንሳይም 3 ለ 0 አሸንፋ የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫዋን ወሰደች። በግንባር መግጨት የሚታወቅበት ችሎታ ስላልነበረ ግቦቹ ይበልጥ አስደነቁ። በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ባሎን ዶር ተሸለመ። በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ደግሞ፣ በእኔ ግምት በጠቅላላ አቋሙ ከሁሉ የላቀበት ውድድር ይህ ነበር፣ በግማሽ ፍጻሜ ፖርቱጋልን ያሰናበተውን ወርቃማ ግብ (በጭማሪ ሰዓት ተቆጥሮ ጨዋታውን ወዲያው የሚያበቃ ግብ) በፍፁም ቅጣት ምት አስቆጠረ፤ የውድድሩ ኮከብ ተብሎም ተመረጠ።

ሪያል ማድሪድ በ2001 የገዛው በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን በሆነ፣ ከ75 ሚሊዮን ዩሮ በሚበልጥ ዋጋ ነበር። ያ ገንዘብ ምን እንደገዛ በሜይ 15 ቀን 2002 ግላስጎው ላይ ታየ። የሻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ በሪያልና በባየር ሌቨርኩሰን መካከል 1 ለ 1 ሆኖ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል፣ ሮቤርቶ ካርሎስ ከግራ መስመር ኳሷን ሽቅብ ሰቀላት። ዚዳን ከፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ኳሷ እስክትወርድ ጠበቀ፤ ሰውነቱን አዙሮ መሬት ሳትነካ በግራ እግሩ መታት፤ ግቡም ጨዋታውን የወሰነው ሆነ። ግራ እግሩ ጠንካራው እግሩ አልነበረም።

በ2002 የዓለም ዋንጫ ዋዜማ በመጎዳቱ የተሰለፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ሲሆን ፈረንሳይም አንድ ግብ ሳታስቆጥር ተመለሰች። ከ2004 የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ ከብሔራዊ ቡድን ራሱን ቢያገልም በ2005 ተመለሰ። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ አጀማመሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ በሁለት ቢጫ ካርድ በመታገዱ ከቶጎ ጋር የተደረገውን ጨዋታ፣ ያውም በ34ኛ የልደት ቀኑ፣ ከሜዳ ውጭ ሆኖ አሳለፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የጨዋታ አቀጣጣይነት ትምህርት ነው ማለት ይቻላል። ፍራንክፈርት ላይ ከብራዚል ጋር በተደረገው ሩብ ፍጻሜ ኳሷን በሮናልዶ ጭንቅላት ላይ አሳልፎ ራሱ ተቀበላት፤ በተጨናነቀው መሃል ሜዳ ማንም ሊነጥቀው አልቻለም፤ ቲየሪ ኦንሪ ያስቆጠራትን ብቸኛ ግብም በቅጣት ምት አሻግሮ ያመቻቸው እርሱ ነበር።

ጁላይ 9 በርሊን ላይ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ፍጻሜ በ7ኛው ደቂቃ ፍፁም ቅጣት ምቱን ቀስ አድርጎ በመሃል ሰቀለና የግቡን አግዳሚ ነክቶ ገባ። በጭማሪው ሰዓት ጠንካራ የግንባር ኳሱን የጣሊያኑ ግብ ጠባቂ ቡፎን አወጣበት። በ110ኛው ደቂቃ የጣሊያኑን ተከላካይ ማርኮ ማቴራዚን ደረቱ ላይ በግንባሩ በመምታቱ ቀይ ካርድ ተሰጠው፤ ጣሊያን በመለያ ምት 5 ለ 3 አሸነፈች። ይህ የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። ቁጣው በዚያ ምሽት ብቻ የታየ አልነበረም፤ በ2000ም ለጁቬንቱስ ሲጫወት የሃምቡርግን ተጫዋች በግንባሩ መትቶ አምስት ጨዋታ ተቀጥቷል። የ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ኮከብነት ሽልማት ግን ለእርሱ ተሰጠ፤ እስከ ፍጻሜው ያሳየው ጨዋታ የሚገባው እንደነበር አምናለሁ።

በጃንዋሪ 2016 የሪያል ማድሪድ አሠልጣኝ ሆኖ ክለቡን በ2016፣ በ2017 እና በ2018 በተከታታይ የሻምፒዮንስ ሊግ ባለድል አደረገ። ከሦስተኛው ድል በኋላ በቀናት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ፤ በማርች 2019 ተመልሶ በ2020 ላሊጋውን (የስፔን አንደኛ ሊግ) ካሸነፈ በኋላ በሜይ 2021 ከክለቡ ተለያየ።