ከአንደኛ ክፍል በታች ባሉ ሕፃናት የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ እክልን መለየት፦ ጎንደር

የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ እክል፣ በባለሙያዎች አጠራር ኤዲኤችዲ፣ በልጅነት የሚጀምር የአእምሮ ዕድገት እክል ነው። በደም ምርመራም ሆነ በራጅ አይታወቅም፤ የሚለየው ልጁን በመመልከትና የሚያውቁትን ሰዎች በመጠየቅ ነው። የ4 ዓመት ልጅ መቅበጥበጡ የዕድሜው ጠባይ በመሆኑ በዚህ ዕድሜ መለየቱ ይበልጥ ይከብዳል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ስቲል ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸውን ልጆች በ1902 ገልጿል።

ጎንደር ለዚህ ሥራ የሚሆን የቆየ መሠረት አላት። በ1953 በደንቢያ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የንጽህና ባለሙያውን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ ሕመምተኛውን በቤቱና በመንደሩ ማየትን ልማድ ያደረገ አንጋፋ ተቋም ነው። በ1978 ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርት ተጀመረ፤ በ2004 ተቋሙ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሕፃኑን ከክሊኒክ ውጭ ማየት ለሚጠይቀው ለዚህ ምርመራ ከዚያ ልማድ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመዘኛ፣ ከ9 የትኩረት ማነስ ወይም ከ9 የመቅበጥበጥና የችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ 6ቱ ለ6 ወራት መዝለቅ፣ ከልጁ ዕድሜ ጋር አለመመጣጠን እንዲሁም በሁለት ቦታዎች መታየት አለባቸው። የቤት ምስክር እናት ወይም አያት ናት፤ ሁለተኛው ምስክር የአጸደ ሕፃናት መምህርት ወይም የኔታ ናቸው። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ያነባል። መስመር ዘልሎ አንድ ጊዜ ሲጠሩት የሚመለስ ልጅና አሥር ጊዜ ቢጠሩት ስንደዶውን ጥሎ የሚነሳ ልጅ እንደሚለያዩ የኔታ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ያልተጠየቀ መምህር ካለ ምርመራው ጎዶሎ ነው።

ከመፈረጅ በፊት መመርመር ያለባቸው አሉ፦ ጆሮው የሚመግል ልጅ ስለማይሰማ የማይታዘዝ ይመስላል፤ ለጥቂት ሰኮንድ የሚፈዝ ልጅ የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ ደም ማነስና የእንቅልፍ እጦትም ያቁነጠንጣሉ። የተኩስ ድምፅ ያስደነገጠው ሕፃንም እንዲሁ አይረጋጋም።

በለጋ ዕድሜ መፈረጅ ይገባል ወይ በሚለው ላይ ክርክር አለ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 የምርመራውን ዕድሜ ወደ 4 ዓመት ዝቅ አድርጓል። ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጆች የሚቀድመው ሕክምና የወላጆች የጠባይ አያያዝ ሥልጠና ነው፦ አጭር ትእዛዝ አንድ በአንድ መስጠት፣ በጎውን ወዲያው ማመስገን፣ ዱላን መተው። መድኃኒት ለትንንሾቹ የሚያስገኘው ጥቅም ከትልልቆቹ ያነሰ፣ ጉዳቱ ደግሞ የበዛ መሆኑን በ2006 የወጣ ሰፊ ጥናት አሳይቷል። ብዙ ቤተሰቦች አስቀድመው ጸበል ያስጠምቃሉ፤ ጸበሉ ከሥልጠናው ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም።