ሙዝ ሁለት ጊዜ ይበስላል፦ ስለ አረንጓዴ ሙዝ ወጥ የሚነገሩ ስህተቶች

በአማርኛ «መብሰል» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ፍሬ ተክሉ ላይ ይበስላል፣ ምግብም እሳት ላይ ይበስላል። አረንጓዴ ሙዝ ቀቅዬ እንደምበላ ስናገር «ያልበሰለ ሙዝማ ሆድ ያማል» የሚሉኝ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አረንጓዴ ሙዝ በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ ከፍራፍሬ ይልቅ የድንች ወገን አድርጎ ማየት ይሻላል። ጥሬ ድንችም ለሆድ አይመችም፤ ግን እንቀቅለዋለን እንጂ አንጥለውም። በኡጋንዳ ማቶኬ፣ በታንዛኒያ ንዲዚ እየተባለ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች የዕለት ምግብ ነው።

«ማንኛውም ሙዝ ይሆናል» የሚለውም ልክ አይደለም። ኡጋንዳውያን የሚያበስሉት የደጋ ሙዝ ለድስት የተመረጠ ዝርያ ነው። ከአርባ ምንጭ የሚመጣልን ሙዝ ግን ቢጫ ሆኖ እንዲበላ የሚመረት ነው። ይሠራል፤ ድፍን አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ ብቻ። ጫፉ ትንሽ ቢጫ ከነካው ወጡ ስኳር ስኳር ይላል፣ ጨውና ቃሪያ ያለበት ወጥ ስኳር ስኳር ሲል ደግሞ ደስ አይልም። ፕላንቴይን የሚባለው ትልቁ የማብሰያ ሙዝ ሌላ ነው፤ ጠንከር ስለሚል እኔ ለጥብስ እመርጠዋለሁ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን «ክሬም ካልገባበት አይለሰልስም» የሚለው ነው። በዛንዚባርና በዳሬሰላም ሙዙን የሚያለሰልሰው ኮኮናት ነው። ኮኮናቱ ምቡዚ በሚባል ጥርስ ባለው አጭር መቀመጫ ላይ ይፈቀፈቃል፤ ቃሉ በስዋሂሊ ፍየል ማለት ነው። የተፈቀፈቀው መጀመሪያ ሲጨመቅ ወፍራም ወተት ይወጣዋል። ውሃ ተጨምሮበት ዳግመኛ ሲጨመቅ ደግሞ ቀጭኑ ይወጣል። ሙዙ የሚቀቀለው በቀጭኑ ነው። ወፍራሙ በመጨረሻ፣ ሙዙ በሹካ ሲወጋ ሲላላ፣ በዝግታ እሳት ይጨመራል። በኃይል ከተንተከተከ ዘይቱ ይለያያል። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የምትጠቀሙ ከሆነም ግማሹን በውሃ አቅጥናችሁ ቀቅሉበት፣ ግማሹን ለመጨረሻ አቆዩት። አንድ ኪሎ ያህል ሙዝ፣ 400 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት፣ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቲማቲምና እርድ ለአራት ሰው ይበቃል። የቀረውን ውፍረት ሙዙ ራሱ ይሰጣል፤ ከድስቱ ሁለት ሦስት ቁራጭ አውጥታችሁ ጨፍልቃችሁ መልሱ። ኮኮናት በቀላሉ በማይገኝበት በኡጋንዳ የተፈጨ ኦቾሎኒ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ሁለቱም ከወተትና ከቅቤ ነጻ ስለሆኑ ለጾማችን የተመቹ ናቸው፤ በጾም ወራት ስለ ምግብ መሰልቸት ሲወራ ይህ ወጥ ለምን እንደማይነሳ አይገባኝም።

«እንደ ቢጫው ሙዝ ይላጣል» ብሎ የጀመረ ሰው ጥፍሩ ጠቁሮ ይቀራል። አረንጓዴ ልጣጭ የሚያጣብቅ፣ ልብስ ላይ ካረፈ የማይለቅ ፈሳሽ አለው። እጅንና ቢላውን ዘይት መቀባት፣ ሁለቱን ጫፍ መቁረጥ፣ ከዚያ ልጣጩን በቁመት ሰንጥቆ በአውራ ጣት መፈልቀቅ ነው። የተላጠው ወዲያው ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ይግባ፤ አለበለዚያ ይጠቁራል። መጥቆሩ መልኩን እንጂ ጤንነቱን አይጎዳም።

«ቆጮ ስለምንበላ ይህም ያው ነው» የሚሉም አሉ። እንሰትና ሙዝ ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገር ግን ከእንሰት የምንበላው ግንዱንና ሥሩን እንጂ ፍሬውን አይደለም። ይልቅ የሚያገናኘን ቅጠሉ ነው። የኡጋንዳ ክፍል በሆነችው ቡጋንዳ ውስጥ ማቶኬ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስላል፣ ከዚያ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ እንዳለ ይጨፈለቃል። ዳቦ በኮባ ለምትጋግር እናት ያ ሽታ እንግዳ አይሆንባትም።

ሌላው፣ ወጡ አድሮ ሲጠነክር «ተበላሸ» ብለው የሚደፉት ነው። ስታርች ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ካደረ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ በዝግታ እሳት አማስሉት፤ ተመልሶ ይላላል።