ገበሬው "ሸጠልኝ" ስትል ምኑን ነው የገዛኸው?

ከተማ ዳር ካለ የጤፍ ማሳ 200 ካሬ ቆርጦ ቤት የሰራ ሁሉ "ገዛሁት" ይላል፣ ግን እኮ በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ ገበሬው እጅ ያለችው ደብተርም የይዞታ ናት፣ ሊያርስበት፣ ሊያከራይ፣ ለልጁ ሊያወርስ ይችላል፣ መሸጥ ግን የለም። ግራ የሚያጋባው ምን መሰላችሁ፣ ያው አንቀጽ መሬቱ ላይ በጉልበትህና በገንዘብህ የሰራኸው ቤት ያንተ ነው ይላል! ደላላው ታዲያ እሷን ይዞ ውሉን "የቤት ሽያጭ" አንዳንዴም "ስጦታ" ብሎ ያጽፍሃል (ቤት የተባለው ሁለት ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል 😂)። ማሳው ለእርሻ እንጂ ለመኖሪያ ስላልተፈቀደ ግሬደር ሲመጣ ያቺ ወረቀት ጨረቃ ቤት ከመባል አታድንህም፣ ካሳም ቢሆን የሚከፈለው ህጋዊ ይዞታ ላለው ነው።