ዎርዚንግተን፦ ስለ አንዲት የሚኒሶታ ከተማ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ሚኒሶታ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሚኒያፖሊስ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሦስት ሰዓት ያህል ሲነዳ፣ አዮዋ ድንበር አጠገብ፣ ኦካቢና ሐይቅ ዳር ዎርዚንግተን ትገኛለች። በ2020 ቆጠራ 14 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«ገበሬዎች አንድ ሁለት እያሉ የቆረቆሯት ናት።»
አይደለም። መሬቱ የአገሩ ነባር የሆነው የዳኮታ ሕዝብ ነበር፤ በ1851 ውል ከእጃቸው ወጣ። ከተማዋን ያቀዳት ደግሞ ከኦሃዮ የተነሳ ኩባንያ ነው። ሚለርና ሂዩሚስተን የሚባሉ ሰዎች አልኮል የማይሸጥባት ከተማ እንመሥርት ብለው በ1871 ሰው መሰብሰብ ጀመሩ። በማግስቱ ዓመት ሂዩሚስተን የቢራ በርሜል አግኝቶ በመጥረቢያ ፈለጠው። ወጣቶቹ ደግሞ ለበርሜሉ በሙዚቃ የታጀበ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረጉለት! በ1873 የአንበጣ መንጋ መጣ፤ ለዓመታትም አዝመራውን በላው።

«የተርኪው በዓል የታንክስጊቪንግ ነው።»
ተርኪ ዶሮ የሚመስል ትልቅ ወፍ ነው፤ አሜሪካውያን በኅዳር በሚያከብሩት በታንክስጊቪንግ ይበሉታል። የዎርዚንግተን የተርኪ በዓል ግን የሚከበረው በመስከረም ነው፤ የተጀመረውም በ1939 ነው። ከ1973 ወዲህ የከተማዋ ተርኪ ከቴክሳሷ ኩዌሮ ተርኪ ጋር ይሽቀዳደማል። የዎርዚንግተኗ ስሟ «ፔይቼክ» ነው፤ እንደ ደመወዝ ፈጥኖ የሚሮጥ የለም ለማለት።

«ነጮች ብቻ የሚኖሩባት ከተማ ናት።»
ይህ ካለፈ ቆየ። ከሦስት ነዋሪዎች ከአንድ በላይ የሚሆነው ዘሩ ከላቲን አሜሪካ ነው። ከላኦስ፣ ከበርማ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡም አሉ። ሰውን የሚስበው ትልቁ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው። ሥራው ከባድ ነው። ብርድ አለ፣ ቢላ አለ፣ እጅ እስኪዝል ያንኑ ቁርጥ መደጋገም አለ። ለኛ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በእምነቱ የማይበላውን ሥጋ ፈረቃውን ሙሉ ሲነካ ይውላል። ልጅ ለማስተማርና አገር ቤት ብር ለመላክ ይህን የሚችሉ ሰዎች ክብር ይገባቸዋል።

«መጤዎቹ ከተማዋን አበላሹ።»
በታኅሣሥ 12 ቀን 2006 የኢሚግሬሽን ፖሊስ ፋብሪካውን ወሮ ከ200 በላይ ሠራተኞችን ያዘ። ጠዋት ሥራ የሄደ ወላጅ ማታ ቤቱ አልተመለሰም። ሆኖም ከተማዋ አልተበተነችም። በዙሪያዋ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ሰው እያጡ ሲሄዱ፣ እሷ በ2000 ከነበራት 11 ሺህ ገደማ ሕዝብ ወደ 14 ሺህ ተጠጋች። መጤዎቹ ባይኖሩ ይህ ቁጥር ከየት ይመጣ ነበር?

«አዲስ ትምህርት ቤት የተቃወመው ሁሉ ዘረኛ ነው።»
እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ክፍሎቹ በተማሪ ተጨናንቀው ሳለ፣ ከ2013 ጀምሮ የግንባታ ገንዘብ ለመበደር የቀረበው ሐሳብ በሕዝብ ድምፅ ተደጋግሞ ወደቀ። በስደተኛ ልጆች ላይ ያለ ቅሬታ በነገሩ ውስጥ ነበረበት፤ ይህን መሸፋፈን ልክ አይመስለኝም። ግን እንዲህ ያለው ዕዳ የሚከፈለው በንብረት ግብር ነው። ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ የሚደርስበት ሸክም ከከተማ ቤት ባለቤት እጅግ ይበልጣል። ግዛቱ በ2017 በወጣ ሕግ በእርሻ መሬት ላይ ከሚደርሰው የትምህርት ቤት ዕዳ ግብር 40 በመቶውን ራሱ እንዲሸፍን ተወሰነ፤ ኋላም ወደ 70 በመቶ ከፍ እንዲል ተወሰነ። በኅዳር 2019 ሐሳቡ እንደገና ለድምፅ ቀረበ፤ በጥቂት ድምፅ ልዩነት አለፈ።