ማተቡን የበጠሰ

ባለፈው እሑድ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነበርን። የቤቱ እመቤት በልጇ ማማረር ጀመረች። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ለኳስ ሲወጣ የአንገቱን ክር አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ጥፋቱ ይኸው ነው። እሷ ግን ልጁ በር ላይ ቆሞ እየሰማ፣ «የኔ ልጅ እኮ ማተቡን በጠሰ!» አለች። ቤቱ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ልጁ አቀርቅሮ ወጣ።

ቡናው አልወርድ አለኝ።

ባደግሁበት መንዝ «ማተቡን የበጠሰ» ለልጅ አይባልም ነበር። የአዋቂ ስድብ ነው፤ ያውም ከባዱ። የሙት ልጅ መሬት በእኩል አርሶ እህሉን ለካደ ሰው ይባላል። በሐሰት ለመሰከረ ይባላል። ያለ ወረቀት ተበድሮ «የምን ብር?» ላለ ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው ክሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። ምናልባትም ከሁላችን ክር የእሱ ይወፍራል። ክሩ አርጅቶ ያለቀበት ሽማግሌ ደግሞ «ባለ ማተብ ነው» ተብሎ ያለ ዋስ ያበድሩታል።

ቃሉንም እስቲ እንየው። ፊታችንን ስናማትብ ክር አንይዝም። ማማተብም ማተብም ከአንድ የግእዝ ግንድ፣ ከ«ዐተበ» የወጡ ናቸው፤ በመስቀል ምልክት ማድረግ ማለት ነው። ማዕተብ ምልክት ነው፣ ማኅተም ነው። ክሩ የምልክቱ ማንጠልጠያ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ክሩ አንገታችን ላይ የሚታሰርበት፣ ክርስትና የተነሣን ቀን ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። (አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል መጽሐፈ ኩፋሌ። ቁጥሩ ከየት መጣ ለሚሉኝ ልጆች የምሰጠው መልስ ይህ ነው።) ሕፃኑ መናገር አይችልም። ስለዚህ የክርስትና አባቱ አቅፎት ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክድለታል። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ክርስቶስን ያምንለታል። ልጁ የሚያውቀው ጡትና እንቅልፍ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ግን በእሱ ፋንታ ቃል ገብቷል። ከዚያ ስም ይወጣለታል። በ12 የተወለደው ከሚካኤል፣ በ23 የተወለደው ከጊዮርጊስ፣ በ21 የተወለደችው ከማርያም ጋር የሚያዛምድ ስም ያገኛሉ፤ ወልደ፣ ወለተ፣ ገብረ፣ ኃይለ እየተባለ። ያ ስም ሲቆርብ ይጠራበታል። ሲሞት ፍትሐቱ የሚደርሰው በዚያ ስም ነው። የድሮ ሰዎች ለማያውቁት ሰው አይናገሩትም ነበር፤ መተተኛ እንዳይሠራበት ይፈሩ ነበር። ገበያ ላይ አበበ፣ መቅደስ ፊት ወልደ ሚካኤል።

አንድ ቀን በግ ስንጠብቅ ከጓደኛዬ ጋር ተያያዝን። ስንላቀቅ የኔ ክር የለም። ሣሩን ገልብጠን ፈለግን፣ አጣን። ማታ ባና እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ እሳት ዳር ተቀመጥሁ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ባና በመከናነቤ አይገረምም። አያቴ ግን ነቃች።

«አንገትህን ምን ነካው?»

ዝም አልኩ። ባናውን ገለጥ አድርጋ አየችና እሷም ዝም አለች። ከሙዳይዋ ጥቁር ክር አወጣች። ጭኗ ላይ አከረረችው። ሦስት አድርጋ ስትገምደው ጣቶቿን እያየሁ ቁጣዋን እጠብቃለሁ።

«ስምህ ማነው?»

የቤት ስሜን ነገርኳት።

«እሱማ የበጎቹ ነው። ስምህ!»

የክርስትና ስሜን ነገርኳት።

«ቃል የገባልህስ?»

የክርስትና አባቴን ጠራሁ።

«ቤቱ የት ነው?»

«ከወንዙ ማዶ። ከባሕር ዛፉ በላይ።»

«በል፣ አንገትህን አምጣ።»

አሰረችልኝ። የጠፋው ክር ዳግመኛ አልተነሣም። በማግስቱ ግን ወንዙን ተሻግሬ የክርስትና አባቴን ጠይቄ እንድመጣ ላከችኝ። ቆሎ በኪሴ ሞልቶልኝ ተመለስኩ።

አሁን ወደ አባባሉ አመጣጥ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ክር ማሰሩን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከሶርያዊው ከያዕቆብ ዘእልበረዲ ጋር ያያይዙታል። በስደት ዘመን የእሱ ተከታዮች እንዲለዩበት ነው ይላሉ። በኛም አገር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቡ የእምነቱን ቃል በግንባሩና በክንዱ እንዲይዝ አዝዘው ነበር። ይህ ሁሉ ስለ ማሰሩ ነው። «በጠሰ» የሚለው ግን በእኔ ግምት የመጣው ከጥጃ ቤት ነው።

ማስረጃ አትጠይቁኝ። ግን እዩት። ጥጃ ማታ ጥግ ላይ ይታሰራል። ጠዋት ላሚቱ እስክትታለብ እዚያው ይቆያል። አንዳንዱ ሌሊት ማሰሪያውን ይበጥስና የእናቱን ግት አድርቆ ያድራል። ጠዋት ቅሉን ይዛ የመጣችው እናት «በጠሰ!» ብላ ስትጮህ መንደሩ ይሰማል። ወተት የለም፣ እርጎ የለም፣ ቅቤ የለም። ለገበሬ ቤት «በጠሰ» ማለት የሌላውን ድርሻ በላ ማለት ነው። ታዲያ የሙት ልጅ እህል የበላውን ሰው ምን ይበሉት? ቃሉ ተዘጋጅቶ በረት ውስጥ እየጠበቃቸው ነበር። አንድ ቄስ ዘመዴ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። እኔ ግን አሁንም እዚያው ነኝ። ደግሞም ልብ በሉ፤ የበጠሰው ጥጃ የሚሮጠው ወደ እናቱ ነው።

ዛሬ አባባሉ ክር ቆጠራ ሆኗል። ፌስቡክ ላይ በፖለቲካ ያልተስማማን ሁሉ «ማተብ የለሽ» ይባላል። ነጋዴው «በማተቤ!» እያለ ዋጋውን እጥፍ ያደርጋል። ዲሲና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቼ ልጆቻቸውን በ40 ቀን ክርስትና ያስነሣሉ፤ እሰየው። ልጁ ግን ትምህርት ቤት «አንገትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ሲባል የሚመልሰው የለውም። የነገረው ስለሌለ «ባህላችን ነው» ብሎ ያልፋል። አሥራ ምናምን ዓመት ሲሞላው ያወልቀዋል። ያን ጊዜ ወላጅ «በጠሰ» ብሎ ያለቅሳል። ስሙን ያልነገሩት ልጅ ምኑን ይበጥሳል?

ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ እመቤቲቱን ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

«የልጅሽ የክርስትና ስም ማነው?»

አሰበች። «ኃይለ… ኃይለ ምንድን ነበር?» የክርስትና ካርዱን ፎቶ አንስታው ነበርና ስልኳን ከፍታ ጣቷን ታንሸራትት ጀመር። የልደት ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የምግብ ፎቶ። ካርዱ አልተገኘም። «የክርስትና አባቱን ልደውልለት ይሆን?» አለች። ሰውዬው ካናዳ ነው፤ ልጁን ከዚያች ቀን ወዲህ አላየውም።

በዚህ ቤት ክሩን የበጠሰው ማነው ብዬ ልሰድባት አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን የራሴን ቆጠርኩ። የክርስትና ልጆቼ አራት ናቸው። የሦስቱን ስም አስታወስኩ። የአራተኛው፣ ወልደ… ወልደ ማን ነበር? ሦስተኛውን ቡና ሳልጠብቅ ተነሣሁ።