ሃይማኖት የግል ነው ስንል፦ ስለ እምነት ነፃነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእምነት ነፃነት በተነሣ ቁጥር የእኛ ሰው ወይ የነጃሺን ታሪክ ጠቅሶ ጨዋታውን ይዘጋል፣ ወይ ጉዳዩን ለፈረንጆችና ለስብሰባዎቻቸው ይተወዋል። በሁለቱም መንገድ ጉዳዩን ቀርቦ ከማየት ይድናል። ሲደጋገሙ የምሰማቸውን ጥቂት አመለካከቶች ከዚህ በታች አንሥቻለሁ፤ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የእምነት ነፃነት ምዕራባውያን ለሌላው ዓለም ያዘጋጁት ሐሳብ ነው»

ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ዲሴምበር 10 ቀን 1948 ፓሪስ ላይ ሲጸድቅ 48 አገሮች ደግፈውታል፣ 8 አገሮች ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል፣ የተቃወመ አልነበረም። ኢትዮጵያም ከደጋፊዎቹ አንዷ ነበረች። የእምነት ነፃነትን በሚደነግገው የመግለጫው አንቀጽ 18 ላይ ክርክር ያስነሣው ሰው ሃይማኖቱን ወይም እምነቱን የመለወጥ ነፃነት አለው የሚለው ሐረግ ሲሆን፣ ሐረጉ እንዲገባ አጥብቀው ከሠሩት ሰዎች መካከል የሊባኖሱ ቻርልስ ማሊክ ይገኙበታል። ሳዑዲ ዓረቢያ ሐረጉን ተቃውማ በመጨረሻ ከድምፅ ስትታቀብ፣ የፓኪስታኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሙሐመድ ዛፍሩላህ ኻን ግን «የሻ ሰው ይመን፤ የሻም ሰው ይካድ» የሚለውን የቁርኣን ቃል ጠቅሰው፣ ሌላውን ወደ ራሱ የሚጠራ ሃይማኖት ሌሎችም እንዲጠሩ ሊፈቅድ ይገባል በማለት ደግፈው ተናገሩ።

ዛፍሩላህ ኻን አሕመዲ ነበሩ፤ አሕመዲዎች ራሳቸውን ሙስሊም ብለው የሚጠሩ፣ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ግን የማይቀበሏቸው የእምነት ወገን ናቸው። አገራቸው ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ አሕመዲዎች ሙስሊም አይደሉም ስትል ደነገገች፤ በ1984 የወጣው ሌላ ድንጋጌ ደግሞ አንድ አሕመዲ ራሱን ሙስሊም ብሎ ቢጠራ፣ የሚሰግድበትን ቤት መስጊድ ቢል ወይም አዛን ቢያሰማ እስከ ሦስት ዓመት እስራት እንዲቀጣ አደረገ።

«መሳደድ ማለት ቤት ሲቃጠልና ደም ሲፈስ ነው»

ደም መፍሰሱ እውነት ነው። እስላማዊ መንግሥት ነኝ የሚለው ቡድን ኦገስት 2014 ኢራቅ ውስጥ በሲንጃር የራሳቸው ጥንታዊ እምነት ባላቸው በያዚዲዎች ላይ የፈጸመውን፣ በአፕሪል 2015 ደግሞ ሊቢያ ውስጥ በክርስቲያን ወገኖቻችን ላይ ያደረገውን የሚረሳ የለም። ነገር ግን አብዛኛው በደል የሚጀምረው በቢሮ ውስጥ፣ በቅጽ ላይ ነው። ሙስሊሞቹ የምያንማር ሮሂንጋዎች በ2017 በጥቂት ወራት ውስጥ ከ700,000 በላይ ሆነው ወደ ባንግላዴሽ ከመሰደዳቸው በፊት፣ በ1982 የወጣው የዜግነት ሕግ አገር አልባ አድርጓቸው ነበር።

ግብፅን እንመልከት። የመታወቂያ አሰጣጡ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር፣ የሃይማኖት ክፍሉ የሚቀበለው እስልምናን፣ ክርስትናንና አይሁድን ብቻ ሆነ። ባሃኢ የሆነ፣ ማለትም ከሦስቱ የተለየ ሃይማኖት የሚከተል ሰው ወይ መዋሸት፣ ወይ ያለ መታወቂያ መኖር ነበረበት፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ የባንክ ሒሳብ መክፈትም ሆነ ልጅን ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ጭንቅ ነው። ከዓመታት ሙግት በኋላ በ2009 የተገኘው መፍትሔ አንዲት ሰረዝ ናት፦ በሃይማኖቱ ቦታ ላይ «–» ተጽፎ መታወቂያው ይሰጣል። እምነታቸው በስሙ አልተጠራም፤ ግን እንዲዋሹም አልተገደዱም። እኔ ይህችን ሰረዝ ብዙ የጉባኤ ውሳኔዎች ካስገኙት ጥቅም አስበልጣታለሁ።

በጎረቤታችን በኤርትራ፣ የይሖዋ ምሥክሮች በ1993ቱ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ባለመስጠታቸውና በብሔራዊ አገልግሎት ባለመሳተፋቸው፣ በ1994 በፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ ዜግነታቸው ተገፈፈ። ከዚያ በኋላ የንግድ ፈቃድና መታወቂያ ማውጣት የማይታሰብ ሆነባቸው። በዚያው ዓመት ከታሰሩት መካከል ሦስቱ ከእስር የወጡት ከ26 ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 2020 ላይ ነው።

ቅጹ እስከ መቃብር ይከተላል። በ1979 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን የተካፈሉት ፓኪስታናዊው ሳይንቲስት አብዱስ ሰላም አሕመዲ ነበሩ። በ1996 ዐርፈው ራብዋ ከተማ ሲቀበሩ፣ በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ «የመጀመሪያው ሙስሊም የኖቤል ተሸላሚ» የሚል ተጽፎ ነበር። ባለሥልጣናት «ሙስሊም» የሚለውን ቃል አስጠፉት። ድንጋዩ ላይ የቀረው «የመጀመሪያው የኖቤል ተሸላሚ» የሚል፣ ትርጉም የማይሰጥ ሐረግ ነው።

«የእምነት ነፃነት ሃይማኖትን ከትችት ይጠብቃል»

መብቱ የተሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው፤ ሃይማኖቱ ራሱ ባለመብት አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ከ1999 ጀምሮ ለዓመታት «ሃይማኖትን ማንቋሸሽ» የሚያወግዙ ውሳኔዎች ሲጸድቁ ቆይተው፣ በ2011 የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት በውሳኔ 16/18 አቅጣጫውን ለውጦ በእምነታቸው ምክንያት ጥቃትና መድልዎ የሚደርስባቸውን ሰዎች ስለ መጠበቅ መነጋገር የጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ የአሲያ ቢቢን ጉዳይ ይመልከት። በ2009 በፓኪስታን ፑንጃብ ክፍለ ሀገር ከሌሎች ሴቶች ጋር ፍሬ ስትለቅም ውላ ውኃ ቀዳች፤ ክርስቲያን የነካው ውኃ አይጠጣም ተባለ፤ በዚህ ጭቅጭቅ ተነሣ። (በአንድ ዕቃ አለመጠጣት ለእኛም አገር እንግዳ ነገር አይደለም።) ከጥቂት ቀናት በኋላ ነቢዩን ሰድባለች ተብላ ተከሰሰች፣ በ2010 ሞት ተፈረደባት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነፃ ያወጣት ኦክቶበር 2018 ነው። በመካከሉ ለእሷ የተከራከሩት የፑንጃብ ገዥ ሳልማን ታሲር በራሳቸው ጠባቂ፣ የአናሳዎች ጉዳይ ሚኒስትሩ ሻህባዝ ባቲ ደግሞ በታጣቂዎች፣ ሁለቱም በ2011 ተገደሉ። ታሲር ሙስሊም ነበሩ። በዚሁ ሕግ ከተከሰሱት መካከልም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው።

«ችግሩ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ አህጉር ነው»

በ1986 በግሪክ፣ በቀርጤስ ደሴት፣ ሚኖስ ኮኪናኪስ የተባሉ አዛውንት የይሖዋ ምሥክር ከባለቤታቸው ጋር የአንዲትን ሴት ቤት አንኳኩተው ገቡና ስለ እምነታቸው ተናገሩ። የሴትየዋ ባል በአጥቢያው ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዜማ መሪ፣ በእኛ አነጋገር መሪጌታ እንደ ማለት፣ ነበር፤ ፖሊስ ጠራ። ኮኪናኪስ ሌላውን ወደ ሃይማኖታቸው ለማስከተል ሞክረዋል በሚል ተፈረደባቸው፤ በዚህ ዓይነት ክስ በዕድሜያቸው ከ60 ጊዜ በላይ ታስረዋል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት መብታቸው ተጥሷል ያለው በ1993 ነው። ስዊዘርላንድም ኖቬምበር 2009 ባደረገችው ሕዝበ ውሳኔ፣ በ57.5 በመቶ ድምፅ ሚናራ መሥራትን ከለከለች። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት ሚናራዎች አራት ነበሩ።

«መብቱ ሃይማኖት የሌለውን ሰው አይመለከትም»

ይመለከታል። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የሚከታተለው ኮሚቴ በ1993 በሰጠው ማብራሪያ፣ አምላክ የለም የሚል ሰውም ሆነ ምንም ሃይማኖት የማይከተል ሰው በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 18 እንደሚጠበቅ በግልጽ አስፍሯል።

«ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው፤ ስለዚህ በየቤታችን እናምልክ»

አባባሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታወቀ ነው፣ ዛሬም በየንግግሩ ይጠቀሳል። ስሕተቱ ያለው «ስለዚህ» ከሚለው በኋላ ነው። የመግለጫውም የቃል ኪዳኑም አንቀጽ 18 ሰው እምነቱን ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር፣ በይፋ ወይም በግል የመግለጽ ነፃነት እንዳለው ይናገራል፤ የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27ም ይህንኑ ይላል። አባባሉ ይነገርበት በነበረው ዘመን ራሱ፣ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ለመመዝገብ ጠይቃ ተከልክላለች፣ በ1964 ዓ.ም. ክረምትም ምእመናኗ ለአምልኮ እንደተሰበሰቡ ተይዘው ታስረዋል። የሙስሊሙ በዓላትም የሕዝብ በዓል ሆነው የተከበሩት፣ ክርስቲያኖች ጭምር የተሳተፉበት የሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሰልፍ በአዲስ አበባ ከተካሄደ በኋላ ነው።

በየቤቱ ማምለክም ቢሆን ዋስትና የለውም። ዲሴምበር 2011 ጅዳ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ተይዘው ለወራት ታስረው ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተባርረዋል።

እርግጥ መግለጹ ገደብ አለው። ሕግ ሊገድበው የሚችለው ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሥርዓት፣ ለጤና፣ ለሞራል ወይም ለሌሎች መብት ሲባል ብቻ ነው፤ «ብሔራዊ ደኅንነት» የሚለው፣ መንግሥታት አዘውትረው የሚጠሩት ምክንያት፣ በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 18 ዝርዝር ውስጥ የለም። በልብ ማመን ግን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ቢሆን አይነካም።

«ጉዳዩ የአናሳዎች ነው፤ ብዙኃኑን አይመለከትም»

ይህ አመለካከት በእኛ አካባቢ መበርታቱ ይገርመኛል። የኤርትራ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ አንጦንዮስ መንግሥት በቤተ ክርስቲያኗ ጉዳይ መግባቱን በመቃወማቸው ከመንበራቸው ተነሥተው፣ በቁም እስር እንዳሉ ፌብሩዋሪ 2022 ዐርፈዋል።

በእኛም አገር፣ ደርግ የብዙኃኑን ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከኡራኤል ማኅበረ ምእመናን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። አንዱ የጥንታዊቷና የትልቋ፣ ሌላው የአዲሲቷና ያኔ በንጽጽር ጥቂት ምእመናን የነበሯት ቤተ ክርስቲያን መሪ ነበሩ። ሁለቱም በዚያው ክረምት ተገደሉ፤ አስከሬናቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረውም ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።